አባወራዋ እታፈራሁ

እታፈራሁ ፍራሽ ስትሰፋ ያያት ሰው ከፍራሹ ጋር የተጣላች ይመስለዋል። በመርፌው ትወጋዋለች እንጂ አትሰፋውም። በደርግ ጊዜ አዋሳ በነበረችው የመንግሥት ፍራሽ ፋብሪካ አብረን ስንሠራ፣ የእሷን ስፌት የሚፈታ ገና አልተወለደም እንል ነበር።

ባሏ ጋሽ ሞገስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መኪናው ተገልብጦ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ እዚያው አዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ደጃፉ ላይ ከዘራውን ይዞ ይቀመጥና ለጋሪ ነጂዎች አነዳድ ያስተምራል። ማንም አልጠየቀውም። ፈረሶቹም አይሰሙትም። ኩራቱስ ብትሉ! ጠላ ቤት ሲገባ፣ እድር ሲሄድ፣ ጡረታው ከአዲስ አበባ እንደሚመጣለት፣ እሷም የምትሠራው ቤት መዋል ሰልችቷት እንደሆነ ያወራል። ምን ጡረታ አለና! የሚበላው የእሷን ደመወዝ ነው። እኔ በንዴት ስበግን እሷ «ተይው፤ እግሩ ሄዶ አፉ ቀረ፤ አፉንም ልውሰድበት?» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጓድ ሙሉጌታ ሰበሰበን። «የሴቶች እኩልነት ይለምልም!» ብሎ ግራ እጁን አነሣ፤ እኛም አነሣን። እጃችንን ሳናወርድ፣ ጥጥ ስለጠፋ ሠራተኛ ይቀነሳል፣ አባወራ ግን አይነካም አለ። ከዚያ ስም ጠራ፤ ሴት፣ ሴት፣ አሁንም ሴት። እኔ ባል የለኝም ብለው «ታገቢያለሽ» አለኝ። ይኸው ጸጉሬ ሸበተ፣ ትንቢቱን እየጠበቅሁ ነው። ግዛቸው የሚባል፣ ገና እናቱ ጉያ ያለ ጎረምሳ ግን አባወራ ተብሎ ቀረ።

የእታፈራሁ ደም ፈላ። የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ዘንድ ሄድን፤ እሱም ከተረፉት አባወራዎች አንዱ ነውና ታገሡ አለን። ትዕግሥት እንጀራ አይሆንም ብለን ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሹሙ አቶ ወልደአማኑኤል በደንብ ሰሙን። ሠራተኛን ሴት ስለሆነች ብቻ መቀነስ ሕጉ እንደማይፈቅድ፣ አቤቱታ ካስገባን ሥራ አስኪያጁን ጠርተው ፊት ለፊት እንደሚሰሙን፣ ካልተስማማን ነገሩ ወደ ፍርድ እንደሚሄድ አስረዱን።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ሞገስም ከዘራውን ወልውሎ መጣ፤ በር አጠገብ ተቀመጠ። ጓድ ሙሉጌታ ዓሣ እንደሚጠብቅ አባ ኮዳ የሚሉት የሐይቅ ወፍ አንገቱን ቀብሮ ቆመና፣ «እኔ ያየሁት ጾታ ሳይሆን እንጀራ ነው» አለ። ጧሪ ያላት አትራብም፤ ለምሳሌ የእታፈራሁ ባል ጡረታ አለው፤ ጠላ ቤት በገዛ አፉ ነግሮኛል አለ።

አቶ ወልደአማኑኤል ወደ እሷ ዞሩ። «እውነት ነው ወይ?»

እታፈራሁ መሬት መሬት አየች። ውሸት ነው ብትል ባሏ በሰው ፊት ተዋረደ። እውነት ነው ብትል ሥራዋ ሄደ፣ የሁላችንም ክስ ውኃ በላው። አፌን ልከፍት ስል ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ዝም አለች፤ ዝምታዋ ደግሞ እሺታ ሊሆንባት ነው።

ጋሽ ሞገስ ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ጡረታ የለኝም። ስዋሽ ነው የኖርኩት። እግሬ ከተሰበረ ወዲህ የምታበላኝ እሷ ናት። አባወራ ከተባለ አባወራው እሷ ናት፤ እኔ ሚስቷ ነኝ።»

አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ ላብ በላብ ሆኖ እንደቆመ ቀረ። እታፈራሁም አልሳቀችም። አቶ ወልደአማኑኤል ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ ግዛቸው የማን አባወራ እንደሆነ ሥራ አስኪያጁን ጠየቁት። «ወደፊት ያገባል» አለ። እኔ ታገቢያለሽ ተብዬ ስባረር እሱ ያገባል ተብሎ ቀረ ማለት ነው፤ ይህን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፣ ማንም አልቆነጠጠኝም። ጓድ ሙሉጌታ ነገሩ ፍርድ ቤት እንደማያምርለት ገባውና ሁላችንንም ሊመልስ እዚያው ፈረመ።

ስንመለስ ጋሽ ሞገስ ሁልጊዜ ከፊት ከፊት የሚሄደው ሰው ወደ ኋላ ቀረ። እታፈራሁ ቆማ ጠበቀችው። ቅደም ብትለው እምቢ አለ፤ አባወራ ይቅደም ብሎ አቀረቀረ።

«አባወራው እኔ ከሆንኩ አዝዝሃለሁ» አለችው። «ቅደም።»

ቀደመ። እኛም በእሱ እርምጃ ቀስ እያልን ተከተልነው።