እሺ ካላልክ አንቀመጥም

የሰላም ኮሚቴ አባል የሆንኩት ወድጄ አይደለም። ጅማ መሃል ከተማ፣ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ነጋዴውን የሚወክል ሰው ይመረጥ ሲባል ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት የኔ አይደለም። መጀመሪያ የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ሰው ይጠበቃል። ቀጥሎ ሽማግሌው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ፓስተሩም ይጸልያል፣ ከዚያ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል፤ እሱም ከበፊተኛው የሚለየው በቀኑ ብቻ ነው። ሙዚቃ የሚያስጮኹ ሱቆችን እንድንመክርበት የተሰጠን ዕቃ ምን እንደሆነ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ድምፅ ማጉያ ነው።

ዋናው ጉዳያችን ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ የተዘጋው መጋዘን ደረጃ ላይ የሚውሉት ጎረምሶች። ጎረምሶች ስላችሁ ሕፃናት አይምሰሏችሁ፣ ጢም ያወጡ ሰዎች ናቸው። ከምሳ በኋላ ጫታቸውን ይዘው ይሰየማሉ፣ የምታልፈውን ሴት ሁሉ ይለክፋሉ፣ ከተናገርካቸው ሱቅህ ግድግዳ ላይ ይሸኑልሃል። ለሰፈራችን የተመደበችው ሳጅን ትመጣለች፣ ትይዛቸዋለች። የኛ የኮሚቴዎቹ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሥራችን ማስፈታት ነው።

አዎ፣ ማስፈታት። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ተበዳዩ ዘንድ ይሄዳሉ። ወንበር ይቀርባል። አይቀመጡም። ይቅር ካላልክ አንቀመጥም ብለው በሩ ላይ ይቆማሉ። አባት የሚሆን ሰው በራፍህ ላይ ቆሞ እያየኸው እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል? ይቅር ትላለህ፣ ይቀመጣሉ፣ ይመርቁሃል፣ ክሱ ይነሳል፣ ሰዎቹ በማግስቱ ደረጃቸው ላይ ናቸው። የጁስ ቤቷን ሴትዮ በዚሁ መንገድ ያሸነፍኳት እኔ ራሴ ነኝ። መስታወቷን ሰብረውባት ነበር። ሄጄ ቆምኩባት፣ ይቅር አለች። በሦስተኛው ወር ሱቋን ዘግታ ወደ አጋሮ ተመለሰች። እኛም ቃለ ጉባኤው ላይ በእርቅ ተፈቷል ብለን ጻፍን።

በዚህ ዓመት ነገሩ ቤቴ ገባ።

ልጄ የጤና ኮሌጅ ተማሪ ናት፣ ሃያ አንድ ዓመቷ። አንድ ቀን ከሰዓት ከትምህርት ስትመለስ ከደረጃው አንዱ ተነስቶ ሻርፗን ከራሷ ላይ ገፈፈው። ጓደኞቹ ሳቁ፣ አንዱ በስልኩ ቀረጸ። እኔ ከመንገዱ ማዶ የሰው ሱሪ እየቀመቀምኩ ነበር። ሳቁን ሰምቼ ስወጣ ልጄ ፀጉሯን በሁለት እጇ ሸፍና መሃል አስፋልት ላይ ቆማለች። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሳጅኗ ሰውየውን ያዘችው፣ ቪዲዮውንም ከነስልኩ ወሰደች። በዚህኛው ፍርድ ቤት እናደርሰዋለን፣ ብቻ እናንተ ወደ ኋላ እንዳትሉ አለችን። ልጄ ቃሏን ሰጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ኮሌጅ ቀረች። ፈተናዋ ደርሷል፣ መንገዱ ደግሞ ያው አንድ ነው። ሰውየው ደረጃው ላይ እንደማይኖር ካላወቅኩ አላልፍም አለች።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ስፌት ቤቴ መጡ። የራሴው ኮሚቴ! ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም። ከትልቁ ሽማግሌ ጎን፣ ሁልጊዜ እኔ የምቆምባት ቦታ ላይ ዛሬ ፓስተሩ ቆሟል።

«ሜ፣ እስቲ ስማኝ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ያንተም ልጅ ልጃችን ናት፣ እሱም ልጃችን ነው። ለአላህ ብለህ፣ ለዚህ ሽበት ብለህ ይቅር በል። እሺ ካላልክ አንቀመጥም።»

ሽማግሌው አንድ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የዚያን ቀን ከዘራቸውን አልያዙም፣ እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ያሰብኩት ስለዚያ ጉልበት ነው። የልጄ ፀጉር ትዝም አላለኝ። ይቅር ብያለሁ፣ ይቀመጡ አልኳቸው። ተቀመጡ። እርቁ እንዲጸና ፋቲሃ ተቀራ።

ክሱን ለማንሳት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ሳጅኗ ሰምታኝ ሰምታኝ ልጅቷ ለአካለ መጠን ደርሳለች፣ የምትፈርመው ራሷ ናት ብላ የክስ ማንሻ ወረቀት ሰጠችኝ። ስወጣ ግን «ኮሚቴው እኔን የሚያግዝ መስሎኝ ነበር» አለች።

ቤት ስደርስ ምሳ ቀርቧል። ለልጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ የሽማግሌውን ጉልበት ሳይቀር። ወረቀቱን ገበታው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ፣ በይ ተቀመጪና ብይ፣ ከዚያ ትፈርሚያለሽ አልኳት።

«እሺ እስክትላቸው አልተቀመጡም አይደል?» አለች። «እኔም አልቀመጥም፣ አባዬ። የኔን ይቅርታ ነው የሰጠኸው። ሄደህ እስክትመልሰው እቆማለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ መብላት ጀመርኩ። ሁለት ጉርሻ፣ ሦስት ጉርሻ። ቆማለች። ባለቤቴ ወጥ ልትጨምር ጓዳ ገባች፣ ስትመለስ ሳህኑን አስቀምጣ ልጇ አጠገብ ቆመች። ከቤቱ ሰው የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ሆንኩ። በሽማግሌዎቹ ተናደድኩ፣ በዚያ ጉልበት ተናደድኩ፣ በቅዳሜው ስብሰባ ተናደድኩ፤ ከሁሉ በላይ ግን በሰው ንብረት ቸር በሆነው አፌ ተናደድኩ። የጁስ ቤቷ ሴትዮ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። እሷም የዚያን ቀን ልክ እንዲህ አፍጥጣ አይታኝ ነበር።

ፋቲሃ የተቀራበትን ይቅርታ መመለስ በኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። ሰው ሲያደርገው አይቼ አላውቅም። እጄን ታጠብኩ፣ ያልተፈረመውን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ።

ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ነበሩ። እንደ ወትሮው በፈገግታ ተቀበሉኝ፣ ወንበር አስመጡልኝ፣ አረፍ በል አሉኝ።

አልተቀመጥኩም።