ሦስት ቀን ያኮረፈኝ መስሎኝ

አያትሽ ሲያኮርፍ ልኩ ሦስት ቀን ነበር። መጀመሪያ ይሄን ጻፊው፣ አለዚያ የሰማ ሁሉ ጅል ነበረች ይለኛል። ሦስት ቀን አያናግረኝም፣ ከእጄም አይበላም። በአራተኛው ቀን «አንቺ ሴትዮ፣ ጨው የለም እንዴ እዚህ ቤት?» ይልና ይታረቀኛል። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ነው የኖርነው።

ሥራው በርጩማ መጥረብ ነበር። እዚሁ ጊንጆ ሰፈር፣ ጓሮ ቁጭ ብሎ የዋንዛውን ግንድ ይጠርባል፣ ይፈለፍላል፣ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ያወጣል። ከአንድ ግንድ ስለሆነ ምስማር የሚባል ነገር አያውቀውም። «ምስማር ያልቻለ ሰው መደበቂያ ነው» ይል ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤት አሮጌ ቤት ሲያፈርስ እንጨቱን ልይ ብሎ ሄደ። ጣውላ ላይ የቀረ የዛገ ምስማር ኮንጎ ጫማውን በስቶ እግሩ ውስጥ ገባ። እያነከሰ መጣ።

«አየሽ፣ ምስማር ስድቤን ሰምቶ ኖሯል» አለኝ እየሳቀ። «ጤና ጣቢያ ሄጄ መርፌ ልወጋ?»

«ለምስማር? ሰው ይስቅብሃል» አልኩት።

የተፈጨ ቡና በእፍኜ ዘግኜ ቁስሉ ላይ ጠቀጠቅኩበት። በኛ አገር ደም የሚቆመው በቡና ነው፤ እናቴም እንደዚሁ ታደርግ ነበር፣ እናቷም። ደሙ ቆመ። በሻሽ ቁራጭ አሰርኩለት። በጥቂት ቀን ላዩ ደረቀ፣ እኔም ኮራሁ። በሳሙናና በውሃ ማጠብ የሚባለው ነገር ወላሂ አልታሰበኝም።

ሳምንት አለፈ። ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ እንጨቱ ሁሉ ረጠበ። ከጣሪያው ሥር አንድ የተሰነጠቀ በርጩማ ነበረ፣ ስንጋባ የጠረበልኝ። «እጠግንልሻለሁ፣ አትንኪው» እያለ ሁለት ክረምት አስቀምጦታል። ፈለጥኩትና ለድስቱ አነደድኩት። ምን ላድርግ፣ ደረቅ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ማታ መጣና ሳያናግረኝ ገብቶ ተኛ። በቃ፣ በርጩማውን ማንደዴን አየ አልኩ። ምግብ አቀረብኩ፣ አልነካውም። ይተወው፣ ልኩ ሦስት ቀን ነው ብዬ እኔም ፊቴን አዞርኩ።

በሁለተኛው ቀን አጥሚት ሰጠሁት። ማንኪያው ጥርሱ ላይ ቀጭ አለና አጥሚቱ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። እጁን አንስቶ አንገቱን ነካ፣ ደግሞ ነካ። «እስከዚህ መርረሽኛል» ያለኝ መሰለኝ። «አንተም መርረኸኛል» ብዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ስገባ ይስቃል። ግንባሩ ወደ ላይ ተሸብሽቦ፣ ከንፈሩ ተስቦ፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ ያየኛል። ዓይኑ ግን አይስቅም። እኔ ዓይኑን መቼ አየሁ! «ትስቅብኛለህ ደግሞ?» ብዬ የድስቱን ክዳን መሬት ላይ ወረወርኩት።

ክዳኑ ኳ ሲል ጀርባው እንደ ደጋን ተለጠጠ። ጭንቅላቱና ተረከዙ ብቻ ናቸው ፍራሹን የነኩት። ጮኽኩ። ስጮህ ባሰበት።

ጎረቤቴ «ማል ታቴ? ምን ሆናችሁ?» እያለች ገባች። ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ልትቀባው ገና እጇ ሲያርፍበት እንደገና ተለጠጠ። እጇን ሰበሰበች። «ተይው አንቺ፣ ይሄ የኛ ቅጠል የሚችለው አይደለም» አለችና ባጃጅ ጠራች። መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር ሰውነቱ እንጨት ይሆናል። «በአላህ፣ ቀስ በል» እላለሁ ባጃጁን፤ ደግሞ ፍጠን እላለሁ።

ሐኪም ቤት ነርሷ «አፋን ኬሰን በና፣ አፍዎን ይክፈቱ አባባ» አለችው። አልከፈተም። ወደኔ ዞራ ቁስል አለው ወይ አለችኝ። የለውም አልኩ። ረስቼው እኮ ነው። ጫማውን አውልቃ አየችና «እማማ፣ ይሄ ጥቁር ምንድን ነው?»

«ቡና ነው ልጄ።»

«ቡና ይጠጣል እንጂ ሰው ውስጥ ይቀበራል?»

መንጋጋ ቆልፍ ነው አለችኝ። ቁስሉን ከፍተው ቡናውን ከነበሰበሰው ሥጋ አወጡት፣ አጠቡት። መርዙን የሚያበርድ መርፌ ወጉት፣ ሰውነቱን የሚያላላም መድኃኒት ሰጡት፣ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ አስገብተው መገቡት። ከዚያ መጋረጃ የተጋረደበት ጨለማ ክፍል አስተኙት። «ድምፅ ከሰማ ወይ ከነኩት ይነሳበታል። እንዳያናግሩት፣ እንዳይነኩት» አለችኝ።

እንደዚያ ሆኜ ተቀመጥኩ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ። ዚክሬን እንኳ በሆዴ ነው የምለው። ከጎኑ ነኝ፣ እጁ እዚህ ጋ ነው፣ አልይዘውም። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልለው ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይመጣል፣ መልሼ እውጠዋለሁ። ሳይሰማኝ ይሞታል እያልኩ ቀኑ ይነጋል፣ ይመሻል። ሰው ካጠገቡ ሰው እያለ እንደዚያ ብቻውን ይሆናል አልልም ነበር።

ወር ሊሞላን ሲል አፉ አንድ ጣት ያህል ተከፈተ። ውሃ በማንኪያ ሰጠሁት፣ ዋጠው። አልሐምዱሊላህ። አሁን ቀስ ብለው ያናግሩት አለችኝ ነርሷ።

«አውፍ በለኝ» አልኩት። «በርጩማውን ስላነደድኩት።»

«የቱን በርጩማ?»

«የሠርጋችንን ነዋ። እሱን አይተህ አይደል ያኮረፍከው?»

«አላኮረፍኩም እኮ» አለኝ። «አፌ እንቢ አለኝ። አንገቴን ባሳይሽ ጥለሽኝ ወጣሽ።»

ቡናውን የጠቀጠቅኩት እኔ፣ መርፌውን የከለከልኩት እኔ። ሦስቱን ቀንም ያኮረፍኩት እኔው ነኝ ለካ።

ወደ ቤት ሊሸኙን ሲሉ ነርሷ መርፌ ወጋችው። «አንዴ ይዞኛል፣ አይደግመኝም የሚባል በሽታ አይደለም። ቀሪውንም ክትባት ይጨርስ» አለች። ጨረሰ። እኔንም በግድ አስወጋኝ፣ «ሰው ይስቅብሻል» እያለ። ከዚያ ሌላ በርጩማ ጠረበልኝ። አሁን የተቀመጥሽበት እሱ ነው። ካቻምና በእንቅልፉ ሄደ፣ ምንም ሳይናገር።

ዛሬም የድስት ክዳን ቀስ ብዬ ነው የማስቀምጠው። ማንን እንዳልቀሰቅስ እንደሆነ አላውቅም። ዝም ያለ ሰው ካየሁ ደግሞ አፍህን ክፈት እስቲ እላለሁ። ልጆቼ ሩቅ ናቸው፣ በስልክ ዝም ሲሉኝ እንኳ እላቸዋለሁ፤ ኔትወርክ ነው ይሉኛል። እዚህ ቤት የምለው ሰው የለኝም፣ አንቺ በሳምንት አንዴ ስትመጪ ካልሆነ። ይኸው፣ ዝም ብለሽ ስትጽፊ ቆየሽ። እስቲ አፍሽን ክፈቺ።

ብትስቂም ሳቂ። ብቻ ክፈቺው።