በደረቷ ውስጥ የሰማሁት

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ የገዛ ልቤን ምት በማሽን ሲያሰማኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ክፍሉ አልኮል አልኮል ይላል። እኔን የሸተተኝ ግን ጥሬ ሥጋ፣ ጠመኔና ዝናብ የመታው የተማሪ ሹራብ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ዲላ እማር ነበር። የባዮሎጂ አስተማሪያችን አንድ ጠዋት የበሬ ልብ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ሰነጠቀውና መንገዱን በጣቱ አሳየን። ከሰውነት የሚመለሰው ደም በቀኝ በኩል ይገባል፤ ወደ ሳንባ ሄዶ አየር ይወስዳል፤ ከዚያ በግራ በኩል ተመልሶ ወደ መላው ሰውነት ይረጫል። ስስ የሆኑትን በሮች በእርሳስ ጫፍ አነሳቸው። "ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚከፈቱት፤ ያለፈ ደም አይመለስም" አለ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ እጇን አወጣች። ከጨለለቅቱ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ የትምህርት ቤቱን ዳገት ስትወጣ ሦስቴ የምታርፍ ልጅ ነበረች።

"በሩ ካልገጠመስ?"

አስተማሪው እርሳሱን አስቀመጠ። "ያኔ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ሰውየው ትንፋሽ ያጥረዋል።"

በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ ወሰደችኝና የሹራቧን ቁልፍ ፈታች። "የክሊኒኩ ድሬሰር የልብሽ በር አይገጥምም ብሎኛል። እስቲ ስሚና ንገሪኝ።" ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከእያንዳንዱ ምት ጋር እንደ ነፋስ የሚያፏጭ ነገር ነበር። ቀና ብዬ ፊቷን ሳይ የምትፈልገው መልስ ገባኝ።

"እንደ እኔው ነው" አልኳት። ፉጨቱን እንዳልሰማ ሰው።

በዚያው ሳምንት ለቡና ለቀማ ዘመቻ ተመዘገብን። የድሬሰሩን ወረቀት ብታሳይ ትቀር ነበር፤ አላሳየችም። በጭነት መኪና ወደ ኮቸሬ ስንወጣ በዘፈኑ ከሁላችንም በላይ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቅርጫቷን ሞልታ ዳገቱን ስትወጣ እንሰት ሥር ተቀመጠች። ቁና ቁና ትተነፍሳለች። "ትንሽ ልረፍ፤ ቅደሚኝ" አለችኝ። ቀደምኳት። ስመለስ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትንፋሿ ቆሞ ነበር።

አሁንም መንገድ ላይ ከኋላዬ ሰው እንደዚያ ሲተነፍስ ከሰማሁ መዞር እፈራለሁ።

ለቅሶው ላይ እናቷ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አማርኛ የለመዱት ዘግይተው ስለነበር ልጃቸውንም እኔንም እንደ ወንድ ነበር የሚጠሩን።

"አንተ ጓደኛው ነህ። መታመሙን ነግሮህ ነበር?"

"አልነገረችኝም" አልኩ።

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። "ለእኔም አልነገረኝም" አሉ፤ እኔን ለማጽናናት።