ሙሄ ያየው አረንጓዴ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር በር መቆለፍ ነበር። ባለቤቴ ሙሄ ታሞ ሊተኛ ሰሞን ነው፤ ወደ ገበያ ልንወጣ በሩን ቆለፈ፤ ጥቂት ተራመደና ተመልሶ ጓጉንቸሩን ጎተት አድርጎ አየው። እኔ ቆሜ ጠበቅሁት። ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ያይ የነበረው ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለአላህ ነግሬዋለሁ፤ ለሰው ስናገር ግን ይኸው እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ።

መካነ ሰላም ቤታችን ተቀምጠን ለአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ፕሮግራም እንጽፍ ነበር፤ ለሕመምተኞች የቀጠሮ መልእክት የሚልክ። የጻፍነውን ስንልክ የድርጅቱ ማሽን ገንብቶ ይፈትነዋል፤ ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ ያሳያል። እያንዳንዳችን ቅርንጫፍ የምንለው የራሳችን የኮድ ቅጂ ነበረን፤ ለሕመምተኞቹ የሚሠራው ግን ዋናው ቅርንጫፍ ነው። ማሽኑ አንዱን ኮድ በሙሄ ቅርንጫፍም በዋናው ቅርንጫፍም ሲያገኘው ሁለት ጊዜ ይገነባዋል፤ እኛም ወረፋ እንጠብቃለን። ሰለቸኝ። ማሽኑን የሚያዝ አጭር ስክሪፕት ጻፍሁ፦ ኮዱ በሌላ ቅርንጫፍ ተገንብቶ ከሆነ ዝለለው፣ አረንጓዴ አሳይ። ሙሄ «ሚስቴ ማሽኑን ስንፍና አስተማረችው» እያለ ለጓደኞቹ ያወራ ነበር። እኔ ግን ስክሪፕቱ ኮዱ መገንባቱን ብቻ እንጂ ፈተናውን ማለፉን እንዲጠይቅ አላደረግሁም።

ጳጉሜን ላይ ሙሄ ሥራውን ለሁለቱም ቅርንጫፍ ላከ። በራሱ ቅርንጫፍ ወደቀ፤ መብራት ጠፍቶብን ስለነበር ቀዩን አላየም። መብራቱ ሲመጣ የከፈተው ዋናውን ነው። እዚያ የእኔ ስክሪፕት አረንጓዴ አብርቷል። አምኖ ፕሮግራሙን ለሥራ ለቀቀው። የቀጠሮው ቀን ተዛነፈ፤ ከከላላ በበቅሎ የመጡ ሕመምተኞች ሐኪም በሌለበት ቀን ደረሱ።

ስሕተቱን ከሁሉ ቀድሜ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ምን አደረግሁ? ስክሪፕቱን ዝም ብዬ አረምሁና ማሽኑን እንደገና አስነሣሁት። አረንጓዴው ጠፍቶ ዋናውም ቀይ ሆነ። አለቆቹ ሲከፍቱ ያገኙት ቀይ ብቻ ነው። ቀይ እያየ አሳለፈ ብለው ሙሄን አሰናበቱት።

«ዘሃራ፣ አረንጓዴውን እኮ በዓይኔ አይቻለሁ። አላየሁም እንዴ?» አለኝ።

«እንጃ» አልሁት። «ተደናግሮህ ይሆናል።»

ይህን ያልሁት እኔ ነኝ። ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው? አፍሬ ነው? ምክንያቱን ባውቀውስ ለማን ይጠቅማል? ሥራውን ድርጅቱ ወሰደበት፤ በዓይኑ ላይ የነበረውን እምነት የወሰድሁበት ግን እኔ ነኝ። በኋላ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፈተ፤ እዚያም አንዱን ወረቀት ደጋግሞ እያየ ሰው ያስቆም ነበር። ታሞ ከተኛ በኋላ ደግሞ «ክኒኑን ውጫለሁ?» ይለኝ ነበር። «ውጠሃል» እለው ነበር። ያኔም አፉ በለኝ ብዬ መንገር እችል ነበር። ሳልነግረው ሞተ።

ዛሬም እዚያው ድርጅት እሠራለሁ። ስክሪፕቱን አጥፍቼዋለሁ። ማሽኑ አንዱን ኮድ ሁለት ጊዜ ይገነባል፤ እኔም ብቻዬን ተቀምጬ ሁለቱንም እጠብቃለሁ።