አንገቴን የደፋሁበት ክፍል

ማሞቂያ ላይ የተሰጣ እርጥብ የሱፍ ጓንት ሲሸተኝ፣ ያ ክፍል ከነበረዶው ተመልሶ ይመጣብኛል። ከአገር ወጥተን የገባንበት ቤት ሬክስዴል፣ ስደተኞች የሚበዙበት የከተማ ዳርቻ ነበር፤ አባቴ ግን ጎበዝ ተማሪ የሚወጣው ነጮች ሰፈር ካለው ትምህርት ቤት ነው የሚል ወሬ ሰምቶ፣ በአውቶቡስ ርቄ እየሄድኩ እንድማር አስመዘገበኝ። ከክፍሉ ጥቁር ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ምሳዬን ለብቻዬ እበላ ነበር፣ አውቶቡስም ለብቻዬ እጠብቅ ነበር፤ የሰደበኝ የለም፣ ነይ ያለኝም የለም።

በዚያ የብርድ ወራት፣ ባልሠራው ጥፋት ስለተፈረደበት ጥቁር ሰው የሚተርክ አንድ የታወቀ ልብ ወለድ በየተራ እየተነሣን እናነብ ነበር። «ጥቁር» የሚል ቃል በመጣ ቁጥር ፊቱ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል፤ በቀረው ጊዜ የሚያየኝ አልነበረም። ሰውየው የተፈረደበትን ምዕራፍ ባነበብን ቀን መምህራችን እንባዋን ጠረገች፣ ከፊቴ የምትቀመጠው ሄዘርም ተንሰቀሰቀች፤ እኔም አብሬ አለቀስኩና የእነሱ የሆንኩ መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት የሄዘር የእጅ ሰዓት ጠፋ። መምህሯ ለብቻዬ ጠርታ ወስጄ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ እንደ ጨዋ ልጅ አንገቴን ደፍቼ፣ በለሆሳስ «አልወሰድኩም» አልኳት። እኛ ቤት ታላቅን ዓይን ዓይኑን እያዩ መመለስ ነውር ነው። እሷ «ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ» ባለች ቁጥር እኔ ይበልጥ አቀረቅር ነበር። «አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» የሚለውን ተረታችንን ማን እንደነገራት እንጃ፣ በእሱ ፈረደችብኝ።

ማታ እናቴ ለአባቴ «ቲቸሯ ኮል አድርጋ ነበር፤ ነገ ና ትልሃለች» አለችው። በማግስቱ ከሚሠራበት ፋብሪካ አስፈቅዶ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ኮት ለብሶ መጣ። እኔ የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ «ልጄ አትሰርቅም» እንዲልልኝ። እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ፣ ተቀመጥ ቢባልም እንደቆመ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቶ፣ በሚያውቃት እንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀ። ባደገበት ደንብ መምህር ቅር ከተሰኘ ወላጅ መጀመሪያ ይቅርታ ይላል፤ ማን እንዳጠፋ የሚጣራው ከዚያ በኋላ ነው። በእነሱ ደንብ ግን ነገሩ እዚያው አለቀ። መምህሯ «ጥፋቱን ስላመናችሁልኝ አመሰግናለሁ» አለች፤ አባቴ ምን እንዳለች ሳይገባው ደግሞ እጅ ነሣ።

አውቶቡስ ውስጥ «አባባ፣ አልወሰድኩም እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ይቅርታው ለምን?»

«መምህር አይደለች እንዴ ልጄ? እንዳትጠላሽ ብዬ ነው።»

ባያምነኝ ይሻለኝ ነበር። እያወቀ ዝም ማለቱ ከክፍሉ ሁሉ ይልቅ ብቻዬን አስቀረኝ፤ እስክንወርድ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ፣ ድምፄን አጥፍቼ አለቀስኩ።

በረዶው ቀልጦ ካፖርቶች መውለቅ ሲጀምሩ፣ ሰዓቱ ከራሷ ከሄዘር ካፖርት፣ በተቀደደው ገበር ውስጥ ተገኘ። መምህሯ «ተገኝቷል» ብላ ለክፍሉ ተናገረችና ልብ ወለዶቹን ሰብስባ ወደ መደርደሪያው መለሰቻቸው። ለእኔ ምንም አላለችኝም። ትምህርት ተዘግቶ ሙቀቱ ሲመጣ፣ የሰፈሩ ልጆች ውጭ ሲራወጡ እኔ መስታወት ፊት ቆሜ፣ ዓይኔን ሳልሰብር የገዛ ዓይኔን ማየት ስለማመድ ከረምኩ።

ልምምዱ ሠምሮልኛል። ያኔ መሬት መሬት የማየው ልጅ፣ ዛሬ አለቃዬንም ሆነ የልጄን መምህር ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነው የማናግራቸው፤ ያላጠፋሁትን የሚጭንብኝ የለም። አባቴ አርጅቷል። እሑድ እሑድ ልጠይቀው እሄድና፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ አልዋጠም ብዬ ስቆጣው፣ እሱንም እንደ ሌላው ሰው ዓይኑን ትክ ብዬ አየዋለሁ፤ ልተው ብልም አልሆነልኝም። አሁን አንገቱን ደፍቶ የሚሰማኝ እሱ ነው።