ሱረቱል ሙልክ በፉጣ

ዓርብ የዕረፍት ቀናችን ነው። ሪያድ ውስጥ፣ ፉጣ በሚባለው ሰፈር በተከራየናት ክፍል ከአልማዝ ጋር ክርክር ገጠምን። እሷ ክርስቲያን ናት፤ በሰው ቤት ተቀጥራ አንዲት ዓይነ ስውር ዓረብ አሮጊት ትጦራለች።

«በእጅ የተገለበጠ መጽሐፍ ሁሉ ይለወጣል፤ ቁርኣንስ በምን ይለያል?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «ወረቀቱ ሁሉ ቢቃጠል እንኳ በልባችን አለ፤ አንዲት ፊደል አትጎድልም» አልኳት።

«እሺ፣ ተቃጠለ እንበል። ያላ፣ እህቴ፣ ጀምሪ።»

በልጅነቴ በቃሌ የያዝኩትን የቁርኣን ምዕራፍ፣ ሱረቱል ሙልክን፣ በኩራት ጀመርኩ። አሥረኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ጠፋኝ። ሪያድ ከገባሁ ወዲህ ደግሜው አላውቅም፤ በኀፍረት አንገቴን ደፋሁ። አልማዝ ካቆምኩበት አንስታ ሳትደናቀፍ እስከ መጨረሻው ወረደችው።

«አንቺ፣ ከየት አመጣሽው?»

«አሮጊቷ በየጠዋቱ በቃላቸው ይደግሙታል» አለች። «ሲሳሳቱ የማርማቸው እኔ ነኝ።»