ቢስሚላህና ቆጣሪ

ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈራችን ሊመሽ ሲል መብራት ሄደ። የሳሎናችን ሃሎጅን አምፖል ከተቃጠለ ሰንብቷልና፣ አዲሱን ልቀይር ወንበር ጎተትኩ። መጀመሪያ ግን ወደ ቆጣሪው ሄድኩ።

"መብራት የለ፣ ምኑን ታጠፊዋለሽ? ቢስሚላህ ብለሽ ቀይሪው" አሉ አማቴ።

"ቢስሚላህም እላለሁ፣ ቆጣሪውንም አጠፋለሁ!" አልኩና አጠፋሁት።

የእጅ ወዝ የነካው ሃሎጅን ሲግል ስለሚፈነዳ፣ አዲሱን በንጹህ ጨርቅ ያዝኩት። ገና እያስገባሁት የሰፈሩ ልጆች "መጣ!" ብለው ጮኹ። በመስኮት የጎረቤት ቤት ሁሉ ቦግ ሲል አየሁ። የእኛ ብቻ ጨለማ ነው፤ ጣቶቼም እዚያው ሽቦው ጋ ናቸው።

አማቴ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙና፣ "ቀስ ብለሽ ግጠሚ ልጄ፤ ጨለማው ምንም አይለንም" አሉኝ።